ከወንጌል ኅዳግ እስከ ስካነር፦ የጎንደር ውሎች እንዴት ቆዩ

የመጽሔቱ ኮሚቴ «አንድ ነገር ጻፍልን» ብሎ ሲደውልልኝ የማራኪ ግቢን ትዝታ የፈለጉ መስሎኝ ነበር። ስለ ካፌው ሰልፍና ስለ ዶርም ጨዋታው ግን ከእኔ የተሻለ የሚያወጋ ከመካከላችሁ ሞልቷል። እኔ ስለ ወረቀት ልጻፍ አልኳቸው። ሳቁ፤ ፈቀዱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ከጃንተከል ዋርካ አጠገብ ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ እንደ ወትሮው ወረቀት በሾጣጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቆሎውን ጨርሼ ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔ «ተከሳሽ በበኩሉ» በሚል ሐረግ ላይ አረፈ። ደግሜ አየሁት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአንድ ደንበኛዬ የመከላከያ መልስ ሦስተኛ ገጽ ነበር፤ የሚስቱ ስም፣ የቤቱ ቁጥር፣ ያለበት ዕዳ ሁሉ ላዩ ላይ አለ። ጎንደር ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ሰው ሰውን የሚያውቅባት ከተማ ናት።

እንዴት እዚያ ደረሰ? ቢሮአችን በዚያው ዓመት «ወረቀት አልባ» ሆኖ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ በክላሰርና በካርቶን ተይዞ ነበር፤ አከራያችን ኪራይ ሲጨምር ክፍሉን ለቀን ለመገላገል ወሰንን። ስካነር ገዛን። ፈቃድ የሚጠብቁ ሁለት አዲስ ምሩቃን ለሁለት ወር ቁጭ ብለው የተዘጉ መዝገቦችን አንድ በአንድ አነሷቸው። የተነሳው ወረቀት በማዳበሪያ ጆንያ እየተሞላ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። በኪሎ ይሸጣል ብሎ ማን ያስባል! አንጓሎ መጣያ እሳት ውስጥ የሚገባ ነበር የመሰለኝ።

ያ ቆሎ ኋላ ምን እንዳመጣብኝ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን በቁጭት ተነሳስቼ ያነበብኩትን ላጫውታችሁ። ይህች ከተማ ከስካነር በፊት ውሏን የት ታስቀምጥ ነበር?

ጎንደር አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሯት መዝገብ ቤት የሚባል ነገር አልነበራትም። ከዚያም በኋላ በመቶ ዓመት ውስጥ መሬት በብዛት የሚሸጥባትና የሚወረስባት፣ ክርክር የማያጣት ከተማ ስትሆን የተለየ መዝገብ ቤት አላቆመችም። ውሉ የሚጻፈው በወንጌል ላይ ነበር። በየደብሩ ካለው የወንጌል መጽሐፍ መጨረሻና መጀመሪያ ባዶ ቅጠሎች ይተርፋሉ፤ በዓምዶቹ ዙሪያ ኅዳግ አለ። እዚያ ላይ ነው የርም መሬት ሽያጭ፣ የኑዛዜ፣ የጋብቻ፣ የእርቅ ቃል የሚሰፍረው። ርም ለማታውቁት፦ ለደብር አገልግሎት የተመደበ ሆኖ ባለቤቱ ሊሸጠውና ሊያወርሰው የሚችለው መሬት ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ በወቄት ወርቅ ይነገር ነበር።

የአጻጻፉን ሥርዓት አንድ የሕግ ሰው ቢያየው ይገረማል። መጀመሪያ ዘመኑ ይጠራል፦ ንጉሡ ማን እንደሆነ፣ ራሱ ማን እንደሆነ፣ የደብሩ አለቃ ማን እንደሆነ። ከዚያ ሻጭና ገዢ፣ መሬቱ፣ ዋጋው። ቀጥሎ ዋሱና ምስክሮቹ በስም ይዘረዘራሉ፤ አንዳንዴ የምስክሮቹ ዝርዝር ከውሉ ቃል ይረዝማል። ሲያበቃ ግዝት ይከተላል፤ ይህን የሚያፈርስ በጴጥሮስና በጳውሎስ የተገዘተ ይሆናል። ፊርማ የለም፤ ማኅተም የለም። ለአንድ መጽሐፍ የሚበቃ ብራና የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ስለሚፈጅ ለአንድ ውል አንድ ቅጠል ማባከን የማይታሰብ ነው። አንድ ወንጌል የብዙ ትውልድ ውል ይሸከማል። ቦታ ስለ መቆጠብ ካነሳን፣ የእኛ ቢሮ ሁለት ክፍል ሙሉ ካርቶን ይዞ የሠራውን ሥራ እነሱ በአንድ መጽሐፍ ኅዳግ ሠርተውታል።

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ግን ቦታው አይደለም። ያ ጽሑፍ ኃይል ያገኘው በብራናው ሳይሆን በአጻጻፉ ሁኔታ ነው። በአደባባይ፣ በሚታወቁ ሰዎች ፊት፣ ማንም በቀላሉ ሊደልዘው በማይደፍረው መጽሐፍ ላይ ተጻፈ። ነገ የሚከራከር ሰው ቢመጣ «ማን ነበረ?» ተብሎ ይጠየቃል። ብራናው የሚያገለግለው ያንን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ከዚያ የጥፋቱ ዘመን መጣ። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉና ሲያስመዘብሩ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍቱን ሰብስበው ወደ መቅደላ አጓጓዙ። እሳቸው መጻሕፍቱን የፈለጓቸው ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ግን አስቡት፤ ከወንጌሎቹ ጋር የጎንደር ሰዎች የቦታ ውል አብሮ ተጭኖ ሄደ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን ወሰደ፤ ወደ 350 የሚሆኑት የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት በፈረንጆች 1877 ካታሎጋቸውን አሳተመ። እንዲህ ሆኖ የጎንደር የርም ሽያጭ ውሎች ቁጥር ተሰጥቷቸው ለንደን መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ መሐዲስቶች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደተረፈች ሁላችንም እንነግራለን፤ ንቡ ነው ያዳናት ይባላል። ስለ ጣሪያው መላእክት ስናወራ ግን በተቃጠሉት ደብሮች ውስጥ ስንት ሰው የቤቱን ውል እንዳጣ አንጠይቅም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መካከል የካሜራ ዘመን ሲመጣ ጎንደር ቶሎ አልደረሳትም። በፈረንጆች 1965 ሀንቲንግፎርድ የሰሜን ኢትዮጵያን የመሬት ቻርተሮች ተርጉሞ ሲያሳትም መጽሐፉን አዲስ አበባ ላይ ያወጡት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በጋራ ነበሩ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የሕግ ፋኩልቲ የወንጌል ኅዳግን የሕግ ሰነድ ብሎ የቆጠረበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባና ጎጃም ውስጥ መጻሕፍት አነሳ። ከዚያ በፈረንጆች 1973 ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚል ምህጻር የሚታወቀው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ላይብረሪ ተጀመረ፤ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሱ፤ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ቀረ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ካታሎግ ነው። የዚያም ሥራ አመዛኙ የሸዋና የወሎ ነበር።

የጎንደርን ኅዳግ ሆነ ብለው ያነሱት የታሪክ ሰው ዶናልድ ክራሚ ናቸው። ቀድሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ በኋላ ኢሊኖይ የነበሩ ሰው ናቸው። በፈረንጆች 1980ዎቹ ከሹመት ሲሳኝና ከዳንኤል አያና ጋር የጎንደርና የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን እየገለጡ ታሪኩን ትተው ጠርዙን በማይክሮፊልም አነሱ። ፊልሙ የኢሊኖይና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስብስብ እየተባለ ይጠራል። ክራሚ በፈረንጆች 2000 ያሳተሙት ትልቁ የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪክ መጽሐፋቸው የቆመው በእነዚህ ሰነዶች ላይ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ ስለ በጌምድር ሴቶች ንብረትና ሙግት አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ሴቶቹ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይወርሳሉ፣ ይከሳሉ። አንድ ሰው በካሜራ ባያነሳው ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ልብ በሉ፤ ክራሚ ሲያነሱ ማንም መጽሐፉን አውጥቶ አልጣለም። ፊልሙ ተነሳ፣ ወንጌሉ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ። የታሪክ ሰው ምስል የሚያነሳው ለመጨመር ነው። ቢሮ ግን የሚያነሳው ለመቀነስ ነው፤ ልዩነቱን እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ።

ለመቀነስ ማንሳት የተጀመረው በባንክ ነው። በፈረንጆች 1920ዎቹ ጆርጅ ማካርቲ የተባለ የኒው ዮርክ የባንክ ሠራተኛ ቼኮችን በፊልም የሚያነሳ ማሽን ሠራ፤ ኮዳክ በ1928 ሬኮርዳክ በሚል ስም ገበያ ላይ አዋለው። ግን አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ፊልም አለን ብለው ወዲያው ወረቀት አልጣሉም። በ1949 የፎቶግራፍ ቅጂ በማስረጃነት ስለሚቀርብበት ሁኔታ ለክፍለ ሀገራቱ አንድ ወጥ ሕግ ተረቀቀ፤ የፌዴራሉ ሕግ በ1951 ተከተለ። መደበኛ ሥራ ሲሠራ በታመነ ዘዴ የተነሳ ቅጂ፣ ዋናው ቢጠፋም እንደ ዋናው ይቀርባል ተባለ። ወረቀቱን በድፍረት መጣል የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ ቀደመ፤ ሕጉ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። እኛ ግን ማሽኑን ስንገዛ ሕጉን ለማየት አልቆየንም። የሕግ ሰዎች ሆነን እኮ ነው!

በእኛ አገር ሕጉ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቅጂ ዝም አላለም። ሥልጣን ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን ከመሰከረለት የመንግሥት ሰነድ ግልባጭ፣ በፎቶግራፍም ይሁን በሌላ መንገድ፣ ይታመናል። አሁንም ቁልፉ ምስክሩ ነው፤ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚለው ማኅተም የወንጌሉን የምስክር ዝርዝር ቦታ ተካ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት ይደረግ የሚለው ቁጥር 1723 ሁላችንንም ፈተና ላይ ያላበን አንቀጽ ነው። ያው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚመለከት ረጅም ክፍል ነበረው፤ እሱ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ታግዶ ቀረ። ስለዚህ ሰው ማስረጃውን የሚያስቀምጠው ማዘጋጃ ቤት ፋይል ውስጥ፣ ሳጥኑ ውስጥና ጠበቃው ዘንድ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጆች ሲወጡ የብዙ ሰው ሰነድ በአንድ ቀን ጉልበት አጣ። ሆኖም ያልጣሉት ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 110 ያለ አግባብ የተወሰደ ንብረት ይታይ ሲል፣ ደረሰኝና ካርታ በሳጥን ያቆየ ሰው ጥያቄ ማቅረብ ቻለ፤ «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብሎ ያቃጠለ አጨብጭቦ ቀረ። የቢሮዬን የቆዩ ፋይሎች የወረስኳቸው ጠበቃ ይህን ታሪክ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፤ በሰማሁ ኖሮ።

የወረስኳቸው ስል እንዲሁ አይደለም። ከአዋጅ ቁጥር 1249/2013 በፊት በፌዴራል ደረጃ እንኳ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም አይቻልም ነበር፤ ጠበቃ ማለት አንድ ሰው ነው። ሰውየው ሲሞት መዝገቡ ወደ ሚስቱ ጓዳ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አይጥ፣ ወይም ወደ ቆሎ ሻጭ። በዚህች ከተማ በነገረ ፈጅነት የኖሩ ስንት ሰዎች ፋይል በዚህ መንገድ እንዳለቀ ሳስብ፣ የእኔን ጆንያ የባህሉ ተከታይ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደ ቆሎው ልመለስ።

ያን ወረቀት ካገኘሁ ሁለት ወር ሳይሞላ ከወገራ በኩል የመጡ አንዲት እናት ነገር ፍርድ ቤት ቀረበ። ከዓመታት በፊት ከተማ ውስጥ የገዟት ትንሽ ቤት ነበረቻቸው፤ ውሉ በግል የተጻፈ ነው፤ ሻጩ ፊደል ስላልቆጠረ በጣት አሻራ ፈርሟል። ሻጩ ሞቷል፤ ወራሾቹ መጥተው አሻራው የአባታችን አይደለም አሉ። ውሉን በፊት ለሌላ ጉዳይ እኛ ዘንድ አስቀምጠውት ነበር፤ ያ መዝገብ ስለተዘጋ ከተነሱት አንዱ ሆነ። በኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አሻራው ሐምራዊ ቀለሙ ሳይቀር። አቀረብኩ። ፍርድ ቤቱ አሻራው ለፎረንሲክ ምርመራ ይላክ፣ ዋናው ይቅረብ ብሎ አዘዘ።

ዋናው የለም።

ከችሎት ወጥቼ መጀመሪያ የሄድኩት ወዴት ይመስላችኋል? ወደ ቆሎ ሻጮቹ ነው። ከጃንተከል እስከ አራዳ ገበያ ድረስ በየመደቡ እየቆምኩ የወረቀት ቁልሏን አገላብጬአለሁ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ፈተና፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የባንክ ቅጽ፣ የማላውቀው ሰው የፍቺ አቤቱታ አገኘሁ፤ የሴትዮዋን ውል አላገኘሁም። አንዷ ሻጭ «ጋሼ፣ የጠፋብዎ ብር ነው እንዴ?» አለችኝ። ወረቀት ነው ስላት ቁልሉን በሙሉ አቀረበችልኝ።

ለደንበኛዬ መናገር ነበረብኝ። እናትየው ዝም ብለው አዳመጡኝና «ልጄ፣ ጣልከው?» አሉኝ። «አነሳነው፣ ፎቶው አለ» አልኳቸው። «ፎቶውማ የእኔም ልጅ ሱዳን ሄዶ የቀረው ፎቶው አለ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

በሕጉ ቁጥር 2003 ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ ምስክር መስማት ይቻላል። መጥፋቱን ያረጋገጥኩት ራሴ መሐላ ፈጽሜ ነው፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ውሉ ላይ ሦስት ምስክሮች ነበሩ፤ ሁለቱ አልፈዋል። ሦስተኛው ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ከዳባት በላይ ካለ ቀበሌ በአይሱዙ ጋቢና መጡ። የሽያጩን ቀን አስታወሱ፣ ዝናብ እንደነበረ አስታወሱ፣ የጠጡትን ጠላ አስታወሱ፤ ዋጋውን ግን ሁለት ጊዜ ለየብቻ ተናገሩ። ተቃራኒ ወገን በዚያ ገባ። በመጨረሻ ነገሩ በሽማግሌ አለቀ፤ እናትየው የቤቷን ግማሽ ግምት ተቀበሉ። ሌላውን ግማሽ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። ክፍያዬን መልሼላቸዋለሁ፤ ሒሳቡ ግን እሱ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የደጋው ሰው ወረቀቱን እንዴት እንደሚይዝ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከደባርቅና ከጃናሞራ የሚመጣ ባለጉዳይ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ከፌስታል ውስጥ ፌስታል ፈትቶ ያወጣል፤ ጢስ ጠጥቶ የከሰለ ወረቀት ስምንት ቦታ ታጥፎ ይመጣል። በአማራ ክልል የመጀመሪያው ዙር ደብተር በ1990ዎቹ አጋማሽ መሰጠት ሲጀምር አንድ ብልህ ነገር ተደርጓል፦ የባልና የሚስት ፎቶ ደብተሩ ላይ ተለጠፈ። መሬቱም በቀበሌው ኮሚቴና በጎረቤት ፊት ተለይቶ ወረዳው መዝገብ ላይ ሰፈረ። አንዱ በገበሬው ቤት፣ አንዱ በወረዳ። በሁለተኛው ዙር ከአየር የተነሳ ምስል ላይ የማሳው ወሰን ተሰመረ፤ መረጃው ወደ ኮምፒውተር ገባ። ጎረቤት አሁንም ወሰኑ ላይ ቆሞ «አዎ» ማለት አለበት። የወንጌሉ ሥርዓት እዚያ ማሳ ላይ ሳየው ፈገግ አልኩ።

አንዳንድ ወጣት ባልደረቦች «ጋሼ፣ አሁን አዋጅ 1205/2012 አለ፣ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ እውቅና አግኝቷል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን አዋጁም የሚጠይቀው ያው ነው፦ መረጃው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ሳይነካ መቆየቱን የሚያሳይ አስተማማኝ ነገር አለ ወይ? እኛ ስናነሳ ማን አነሳው፣ መቼ፣ ዋናውን ማን አየው የሚል አንድ መስመር አልጻፍንም። የጎንደር ደብተራ ከእኛ ይሻል ነበር።

ሌላም አለ። የተነሳውን ማግኘት ራሱ ጣጣ ነው። ከሁለቱ ምሩቃን አንዱ «ኃይሌ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሀይሌ»፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»። ኮምፒውተሩ ለእነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ይላል። የአማርኛ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ ቴሰራክት የሚባለውን ሞክረነዋል፤ የታተመውን ደህና ያነባል፣ የራፖር ጸሐፊን የእጅ ጽሑፍ ግን አያነብም። ቀኑ ደግሞ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ። ለሦስት ሳምንት ያጣሁትን አንድ መዝገብ ያገኘሁት ባለጉዳዩን «ለመሆኑ ስምዎ በየትኛው ሀ ነው?» ብዬ ጠይቄ ነው። «እኔ ምን አውቄ» አሉኝ።

ደመናው ላይ አስቀምጡ ለሚሉም አንድ ቃል አለኝ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፋይሎቻችን የት እንዳሉ እናውቅ ነበር፤ መድረስ ግን አልቻልንም። በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆች ጥቅምት 2023፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት በዲጂታል የተነሱ የብራና መጻሕፍቱ ገጽ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ተነስተው እዚህ ጎንደር ተቀምጠን በስልካችን እናያቸው ነበር። ብራናው ለንደን ደኅና ነው፤ ምስሉ ነው የጠፋው። ከመቅደላ ጀምሮ መጽሐፉ እነሱ ዘንድ፣ እኛ ዘንድ ምስሉ ብቻ መሆኑ በዚያ ሰሞን ይበልጥ አንገበገበኝ።

አሁን ቢሮአችን እንዲህ ይሠራል። ማመልከቻ፣ መጥሪያ፣ የመልስ ቅጂ፣ ፍርድ ቤት ሌላ ቅጂ ያለው ሁሉ ይነሳል፤ ወረቀቱ ይቆራረጣል እንጂ በኪሎ አይሸጥም። የእጅ ፊርማ ወይም አሻራ ያለበት፣ ማኅተም የነካው ዋና ሰነድ ይነሳል፣ ከዚያ ለባለቤቱ በፊርማ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ካልተገኘ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ የተነሳ ሰነድ በአንድ ደብተር ላይ፣ በወረቀት ደብተር ላይ፣ አንሺውና ዋናውን ያየው ሁለተኛ ሰው ይፈርማሉ። ስሙ በሁሉም ሀና ሰ ተጽፎ ይያዛል። ምስሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ክፍሉን ግን አልመለስንም፤ ወረቀቱ ከሦስት እጅ ሁለቱ በእርግጥ ቀንሷልና ኪራዩ ተርፎልናል። ይህን መካድ አልችልም።

የወረስኳቸው የቀድሞው ጠበቃ ካርቶኖች ግን ገና አልተነሱም። አስራ አንድ ናቸው፤ ቤቴ ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል፣ ባለቤቴ ላይ መጋረጃ ጥላባቸዋለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ስከፍት ከላይ ያለው ክላሰር መጨረሻ ገጽ ላይ ያችን የምታውቋትን መስመር አገኘሁ፦ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ከሥሩ አንድ የዳባት ሰው ዋና የርስት ክርክር ውሳኔ ከነማኅተሙ ነበር። ልጆቹ የት እንዳሉ እያጠያየቅኩ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ብሰጣቸው ደስ ይለኛል።